«ዘይት ስላላቸው ነው» ብሎ መዝጋት ይበቃል?

ሒሳብ_ነኝ፦
ሰላም ቤቶች። ቅዳሜ ቡና ላይ ከታላቅ እህቴ ባል ጋር ተያያዝን። እሱ «ዓረቦቹ ምን ብልሃት አላቸው? መሬቱን ጫር ሲያደርጉት ዘይት ፈነዳላቸው፣ አለቀ» ባይ ነው። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ባለ አንድ መስመር ሒሳብ አይዋጥልኝም። ዘይትማ ናይጄሪያም አላት፣ ቬንዙዌላም አላት፣ ኢራቅም አላት። ታዲያ ዱባይ ያገኘችውን ባግዳድ ለምን አጣችው? ደግሞስ እኛ «ዓረብ አገር» እያልን በአንድ ከረጢት የምንከታቸው ኩዌት፣ ኳታር፣ ኤምሬቶችና ሳዑዲ በርግጥ አንድ ናቸው? የኖራችሁበትም ያነበባችሁም ንገሩኝ። የእህቴ ባል ክሩን እያነበበ ስለሆነ አደራ፣ በጨዋ ደንብ።

(ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እናድርገው፤ ያለዚያ በሌላ ነገር ልንጣላ ነው።)

ጉድ_ፈላ፦
የእህትህ ባል ልክ ነው፣ ክሩ ይዘጋ። በነገራችን ላይ ጠቡ የተነሣው አቦል ላይ ነው ወይስ በረካ ላይ? በረካ ላይ ከሆነ ነውር ነው።

ዴይራ_ካርጎ፦
ዱባይ 14 ዓመቴ ነው፤ ዴይራ ውስጥ ካርጎ እሠራለሁ። ለእናታችሁ የላካችሁትን ብርድ ልብስ ያሸግኩት እኔ ልሆን እችላለሁ። ስለዚህ የማውቃትን ዱባይን ብቻ ላውራ።

ከቢሮዬ ወጣ ስል ክሪኩ አለ። ባሕሩ ወደ ከተማው ገብቶ የተኛበት ክንድ ነው፤ እስከ ዛሬ የእንጨት ጀልባዎቹ ፍሪጅና ጎማ ተጭኖባቸው ወደ ኢራንና ወደ ሶማሊያ ይሄዳሉ። በ1950ዎቹ ይህ ክሪክ በአሸዋ እየተደፈነ ነበር። ትልቅ ጀልባ መግባት እያቃተው ዕቃው ባሕሩ ላይ እንዳለ ወደ ትንንሽ ጀልባ ይገለበጥ ነበር። በ1958 ሥልጣን የያዙት ሼኽ ራሺድ ምን አደረጉ? ከኩዌት ተበደሩ፣ ለነጋዴውም ቦንድ ሸጡ፣ ክሪኩን አስጠረጉት። አሁን ልብ በሉ፤ ዱባይ ዘይት ያገኘችው በ1966 ነው። ጠረጋው ከዘይቱ ይቀድማል።

ዘይቱ ሲመጣም ያን ያህል አልነበረም። በ1991 ጫፍ ላይ ሲደርስ በቀን 400 ሺህ በርሜል ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቁልቁል ነው። ዛሬ ዘይት ከዱባይ ኢኮኖሚ 2 በመቶም አይሞላም። የኤምሬቶች ዘይት ከ90 በመቶ በላይ ያለው አቡ ዳቢ ነው። ዱባይ ያገኘቻትን ወደብ ላይ አፈሰሰቻት፦ በ1972 ራሺድ ወደብ፣ በ1979 ጀበል ዓሊ። በ1985 ጀበል ዓሊ አጠገብ ነፃ ቀጠና ከፈቱ። በዚያ ዘመን ከቀጠናው ውጭ ድርጅት የሚከፍት የውጭ ሰው 51 በመቶውን ለአገሬው ሸሪክ መስጠት ግዴታው ነበር፤ ቀጠናው ውስጥ ግን ሙሉው የራሱ ነው። በዚያው ዓመት ኤምሬትስ አየር መንገድ ከፓኪስታን በተከራያቸው አውሮፕላኖች ወደ ካራቺ መብረር ጀመረ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ እዚህ የሚሸጠው ዕቃ መተላለፊያነት ነው። እኔም ከዚያ ነው የምበላው።

የእህቱ_ባል፦
እኔው ነኝ። ስሜ ሲጠፋ ዝም ብዬ ከማይ አካውንት ከፈትኩ።

ዴይራ፣ አነጋገርህ ጥሩ ነው፤ ግን ፊልሙን 2009 ከመድረሱ በፊት አጠፋኸው። በኖቬምበር 2009 ዱባይ ወርልድ የሚባለው የመንግሥት ድርጅት «ዕዳዬን አሁን መክፈል አልችልም፣ ጊዜ ስጡኝ» ብሎ ዓለምን አስደነገጠ። ማን ደረሰለት? አቡ ዳቢ፣ 10 ቢሊዮን ዶላር ይዞ። ገንዘቡስ ከየት መጣ? ከዘይት! ያ 828 ሜትር ግንብ ሲሠራ የኖረው «ቡርጅ ዱባይ» ተብሎ ነው፤ ጃንዋሪ 4 ቀን 2010 ሲመረቅ በአቡ ዳቢው ገዢ በሼኽ ኸሊፋ ስም «ቡርጅ ኸሊፋ» ሆኖ ብቅ አለ። ንግድ ነው፣ መተላለፊያ ነው ትላለህ፤ ጭንቅ ሲመጣ ግን የሮጣችሁት ወደ ዘይቱ ጓዳ ነው።

ዴይራ_ካርጎ፦
ይህን አልክድም፤ ጥሩ አድርገህ ያዝከኝ። እኔ ከዚያ በኋላ ነው የመጣሁት፣ ግን ቀድመውኝ የነበሩት ልጆች ሲያወሩ ክሬኑ ሁሉ ባለበት ቆሞ እንደነበር ነው። ብቻ አንድ ልጨምር፦ አቡ ዳቢ ሲያበድር ዱባይን ለማትረፍ ብቻ አይመስለኝም። ዱባይ ብትከስር የኤምሬቶች ስም በሙሉ ይከስራል፤ ስሙ ደግሞ የሁለቱም ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተቀይሯል። በ2018 ተጨማሪ እሴት ታክስ 5 በመቶ ገባ፣ በ2023 በድርጅት ትርፍ ላይ 9 በመቶ ተጣለ። «ታክስ የሌለበት አገር» እየተባለ የሚወራው ወሬ አርጅቷል። በ2022 መግቢያ ላይ ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሳምንት ዕረፍት ከዓርብና ቅዳሜ ወደ ቅዳሜና እሑድ ዞረ፣ ዓርብ ግማሽ ቀን ሥራ ሆነ። ምክንያቱ ከለንደንና ከኒውዮርክ ገበያ ጋር መግጠም ነው። የሙስሊም አገር ዓርብን ለገበያ ሲል ሲቆርሳት፣ ምን ያህል ነጋዴ እንደሆኑ ከዚህ ዕወቁ።

ጋሽ_ታሪክ፦
ልጆች፣ ጥሩ ይዛችኋል። ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። (ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ቨርጂኒያ ተቀምጬ በረዶ በመስኮት ከማይ ከእናንተ ጋር ባወራ ይሻለኛል።)

እነዚህ ሰዎች ከዘይት በፊት የሚኖሩት በዕንቁ ነበር። ወንዱ ሞቃቱን ወራት ሁሉ ባሕር ላይ ውሎ ጠልቆ ዛጎል ይለቅማል፤ ባለ ጀልባው ያበድረዋል፤ ዕዳው ሳያልቅ ሰውየው ያልቃል። ከዚያ ጃፓኖቹ ዕንቁን በእርባታ ማምረት አስፋፉ፣ በ1929 ደግሞ የዓለም ገበያ ወደቀ፤ ያ ኑሮ ባንድ ትውልድ ፈረሰ። ባሕሬን በ1932፣ ኩዌትና ሳዑዲ በ1938 ዘይት ሲያገኙ ብዙው ሕዝብ ችጋር ላይ ነበር። እንዲያውም እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ በአብዛኛው ባሕረ ሰላጤ ይገበያዩበት የነበረው ገንዘብ ሩፒ ነው፤ በኋላማ የህንድ ሪዘርቭ ባንክ ለእነሱ ብቻ ለይቶ ያትምላቸው ነበር። «ዘይቱ ቢያልቅስ?» የሚለው ጭንቀት ከየት መጣ ብትሉኝ፣ ያ የዕንቁ ዘመን ነው የምላችሁ። አንድ ሀብት ሲሞት በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ናቸው መጀመሪያ የዘይት ገንዘብ የያዙት።

አሁን ወደ ባግዳድ። የሚያሳዝነው ኢራቅ የቀደመች መሆኗ ነው። በ1950 የልማት ቦርድ አቁማ ከዘይት ገቢዋ 70 በመቶውን ለግድብ፣ ለመስኖና ለመንገድ መደበች። ዱባይ ያኔ ክሪኳ በአሸዋ እየተደፈነ ነው! በዕቅድ ቢሆን ባግዳድ ትቀድም ነበር። በ1958 ግን ንጉሡ ከነዘመዶቻቸው ተገደሉ፤ ግልበጣ በግልበጣ ላይ ተደረበ፤ ከ1980 እስከ 1988 ከኢራን ጋር ተዋጋች፤ በ1990 ኩዌትን ወረረች። ገንዘቡ ሄደ፣ የተማረውም ሰው ሄደ።

ሼኾቹ ዘንድስ ግልበጣ አልነበረም? ነበረ እንጂ። በ1966 አቡ ዳቢ ላይ ዛይድ ወንድማቸውን ሻኽቡጥን ተኩ፤ ሻኽቡጥ የዘይቱን ገንዘብ ማውጣት የሚፈሩ ሰው ነበሩ። በ1970 ኦማን ላይ ቃቡስ አባታቸውን አወረዱ። በሁለቱም የእንግሊዝ እጅ አለበት። በ1995 ኳታር ላይ ሐመድ፣ አባታቸው ስዊዘርላንድ ሳሉ መንበሩን ያዙ። ነገር ግን ሁሉም የቤት ውስጥ ጉዳይ ሆነው ነው የቀሩት። ሰውየው ይሸኛል፣ ውሉ አይቀደድም፣ ነጋዴው ሱቁን አይዘጋም። እኔ በበኩሌ ልዩነቱን የማየው እዚህ ላይ ነው።

ጉድ_ፈላ፦
ጋሼ፣ «በ1958 ንጉሡ ተገደሉ» ብለው ሲጽፉ እኛ አገር ያለውን ሰው ምን እንዳሳሰቡት ያውቃሉ አይደል?

ጋሽ_ታሪክ፦
አውቃለሁ። ሌላ ክር ክፈትበት።

የኩዌት_ተመላሽ፦
ልጆቼ፣ እኔ ተማርኩ የምል ሰው አይደለሁም። ከ1997 እስከ 2008 ኩዌት ሰው ቤት ሠርቻለሁ፤ ዛሬ መርካቶ አንዲት ሱቅ አለችኝ። የመጀመሪያው ቤት የሁለት ወር ደመወዜን ይዞብኝ ወጥቼ ነው ሁለተኛው ቤት የገባሁት፤ እዚያ ሰው አገኘሁ።

አባወራው ማታ ማታ ዲዋኒያ ነበራቸው። ወንዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ዙሪያውን ይቀመጣሉ፣ ሻይና ቡና ይመላለሳል፣ ወሬው እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ዓረብኛው ሲገባኝ ጊዜ ብርጭቆ እያነሣሁ ጆሮዬን ጣል አደርግ ነበር። ወይ ጉድ! ሚኒስትሩን በስሙ እየጠሩ ያሙታል። ፓርላማ ነበራቸዋ፤ አፋቸው አይፈራም። በ2005 ሴቶች የመምረጥ መብት ሲያገኙ ትልቋ ልጃቸው እልል ስትል አባቷ ምንም ሳይሉ መቁጠሪያቸውን ያዞሩ ነበር። ሳዑዲ ያሉ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም። ስለዚህ አንድ ናቸው የምትሉት ስሕተት ነው። ያ ፓርላማ በ2024 ተበተነ ሲባል ያቺ ልጅ ናት ትዝ ያለችኝ።

ሌላው፣ መዳም ስለ ሳዳም ወረራ ሲያወሩ «ያን ጊዜ አገር አልነበረንም፣ ደመወዝ ግን ነበረን» ይሉኝ ነበር። ተሰደው ሳዑዲ ሆነው መንግሥታቸው ይቆርጥላቸው ነበር። አገሩ ተይዞ ገንዘቡ ከየት ይመጣል ብዬ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ እናንተ ሒሳብ የምታውቁ ንገሩኝ።

ሒሳብ_ነኝ፦
እትዬ፣ ይህ የእኔ ሙያ ነው፣ እኔ ልመልስልዎት። ኩዌት በ1953፣ ገና ነፃነቷን ሳታገኝ፣ ለንደን ውስጥ የተረፈ የዘይት ገንዘብ የሚያስቀምጥና የሚያሠራ ቦርድ አቋቋመች። ዛሬ ዓለም «ሉዓላዊ የሀብት ፈንድ» የሚለው ነገር የመጀመሪያው እሱ ነው ይባላል። በ1976 ደግሞ ከመንግሥት ገቢ በየዓመቱ 10 በመቶ ተነሥቶ ለመጪው ትውልድ እንዲቀመጥ ሕግ ወጣ። ያ ገንዘብ ውጭ አገር በአክሲዮንና በሕንፃ መልክ ነበር የተቀመጠው። የሳዳም ወታደር ኩዌት ከተማ ሲገባ ጉድጓዶቹን ያዘ፣ ባንኩንም ያዘ፤ ለንደን ያለውን ግን ምን ያድርገው? መንግሥቱ ሳዑዲ ጧኢፍ ላይ ተቀምጦ ስደተኛውንም ጦርነቱንም ከዚያ ከፈለ።

ወታደሮቹ ሲወጡ ከ600 በላይ የዘይት ጉድጓዶች ላይ እሳት ለቀው ነው የሄዱት። ኢራቅ የካሣውን የመጨረሻ ክፍያ የጨረሰችው በ2022 ነው፤ ድምሩ 52.4 ቢሊዮን ዶላር። እንዲህ ያለ ረጅም ሒሳብ መዝገብ አይቼ አላውቅም።

የኩዌት_ተመላሽ፦
እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ከስንት ዓመት በኋላ ገባኝ።

ራያን_ሰፈር፦
ኳታርን እናንተ ዝም ስላላችኋት እኔ ልናገር። ከ2015 ጀምሮ ዶሃ ነኝ፤ የምግብ ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እቆጣጠራለሁ።

ኳታር ማለት ጋዝ ነው። ሰሜን መስክ የሚባለው ባሕር ሥር ያለው ክምችት በ1971 ሲገኝ፣ ሲሰሙት የነበሩት ሰዎች አዝነዋል ይባላል፤ ዘይት ሲፈልጉ ነበርና። ያኔ ጋዝ ማን ይገዛል? በቧንቧ ካልሆነ አይሄድም፣ በቧንቧ የሚወስድ ጎረቤት ደግሞ የለም። ከ20 ዓመት በላይ ተኝቶ ኖረ። የተነሣው ጋዙን ከዜሮ በታች እስከ 162 ዲግሪ አቀዝቅዞ ፈሳሽ ማድረግ ሲያዋጣ ነው፤ ያኔ መጠኑ 600 ጊዜ ያንሳል፣ መርከብ ላይ ይጫናል። ሼኽ ሐመድ ተበድረው ገቡበት። የመጀመሪያው ጭነት በ1996 መገባደጃ ወደ ጃፓን ሲነሣ አገሪቱ ዕዳ ውስጥ ነበረች፤ በ1998 የነዳጅ ዋጋ ወደ 10 ዶላር ሲወርድማ አበቃላቸው የተባለበት ጊዜ ነበር። ከዚያ በዓመት 77 ሚሊዮን ቶን ላይ ደረሱ። የእህቱ ባል፣ ይህን «ጫር ሲያደርጉት ፈነዳ» ልትለው አትችልም።

አሁን ጁን 5 ቀን 2017ን ልንገራችሁ። ሰኞ ነው፤ ረመዳን ነው። ጠዋት ስንነቃ ሳዑዲ፣ ኤምሬቶች፣ ባሕሬንና ግብፅ ግንኙነት አቋርጠዋል፤ ያለችው አንዲት የየብስ ድንበር ተዘግታለች። ከአገሩ ምግብ ወደ 40 በመቶው በዚያች በር ነበር የሚገባው። እኔ መጋዘን ውስጥ ነኝ፤ የምንጠብቃቸው የሳዑዲ ወተት መኪናዎች አልመጡም። ማታ ሱፐርማርኬት ስሄድ መደርደሪያው ባዶ፣ ሰው ጋሪ ሙሉ ዶሮ እየገፋ። አንድ ያገሬ ልጅ «አሥመራ መንገድ ሲዘጋ እንዲህ ነበር» አለኝ፤ ሳቅንም ፈራንም። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን የማላነበው ጽሑፍ ያለበት የቱርክ ወተትና እርጎ መጋዘኑን ሞላው። ከኢራንም አትክልት መጣ። ቀጥሎ ላሞችን በአውሮፕላን ማምጣት ጀመሩ፣ እውነቴን ነው፣ በኳታር ኤርዌይስ ጭነት አውሮፕላን! ዛሬ በረሃው ላይ ትልቅ የወተት እርባታ አለ፤ ከውጭ ወተት የማንፈልግበት ደረጃ ደርሰናል። («ደርሰናል» እላለሁ እንግዲህ፤ ሰው የኖረበትን ይመስላል።)

አሥራ ሦስት ጥያቄ አቅርበው ነበር፦ አል ጀዚራ ይዘጋ፣ የቱርክ ጦር ሰፈር ይዘጋ፣ ከኢራን ጋር ያላችሁን ቀንሱ... አንዱም አልተፈጸመም። በጃንዋሪ 2021 ሳዑዲ ውስጥ አል ዑላ ላይ ተቃቅፈው ታረቁ። ከሁሉ የገረመኝን ልንገራችሁ፦ በዚያ ሁሉ ጊዜ የኳታር ጋዝ ዶልፊን በሚባለው የባሕር ሥር ቧንቧ ወደ ኤምሬቶች መፍሰሱን አላቋረጠም። አልሸጥም አላሉም፣ አንገዛም አላሉም። የዱባይን መብራት በከፊል የሚያበራው የተጣሏት የኳታር ጋዝ ነበር።

ዴይራ_ካርጎ፦
እውነት ነው። እኛ በኤሲ ተቀምጠን ኳታርን ስናማ ኤሲውን የሚያዞረው ጋዟ ነበር፤ ብዙው ሰው አያውቅም።

ጉድ_ፈላ፦
እሺ ይሁን፤ ግን እነዚህ ሁሉ የአሜሪካ ዘበኛ ባይኖራቸው አንድ ቀን አያድሩም። አይደለም እንዴ ጋሼ?

ጋሽ_ታሪክ፦
ዘበኛ አላቸው፤ ግን በአንድ ዘበኛ የሚተማመኑ አይመስለኝም። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» የሚሉት ለእነሱ የተተረተ ይመስላል።

ኳታርን ተመልከት። አል ዑደይድ የሚባለው በአካባቢው ትልቁ የአሜሪካ አየር ሰፈር እሷ ዘንድ ነው። ጋዟን ደግሞ የምትጋራው ከኢራን ጋር ነው፤ ያው ክምችት በኢራን በኩል ደቡብ ፓርስ ይባላል። ታሊባን በ2013 ቢሮ የከፈተው ዶሃ፣ ከአሜሪካ ጋር በ2020 የተፈራረመውም ዶሃ። ለሁሉም የምታስፈልግ ቤት መሆን ነው ፖሊሲዋ። ጎረቤቶቿን ያስቆጣውም ይኸው ነው።

ኤምሬቶችም ከፍርሃት የተወለዱ ናቸው። ጠባቂያቸው የነበረችው እንግሊዝ በ1968 «ልወጣ ነው» ስትል ዛይድና ራሺድ በወሩ በረሃ ላይ ተገናኝተው ለመዋሐድ ተስማሙ። ኳታርና ባሕሬንም በድርድሩ ነበሩ፣ በኋላ የየራሳቸውን መንገድ መረጡ። ፌዴሬሽኑ ዲሴምበር 2 ቀን 1971 ሊታወጅ ሁለት ቀን ሲቀረው ኢራን ሦስት ደሴቶች ያዘች፤ እስከ ዛሬ በእጇ ናቸው። ከእንግዲህ ብቻቸውን መቆም እንደማይችሉ በተወለዱበት ሳምንት ነው የተነገራቸው።

ሳዑዲስ? ከ1945 ጀምሮ፣ ንጉሥ ዓብዱልዓዚዝና ሩዝቬልት መርከብ ላይ ከተገናኙ ወዲህ፣ ዘይት በጥበቃ የሚባል ስምምነት ነበር። በሴፕቴምበር 2019 አብቃይቅ ላይ ያለው የዘይት ማቀነባበሪያ ተመቶ የአገሪቱ ምርት ለጊዜው በግማሽ ሲወርድ አሜሪካ ጦር አላነሣችም። ሪያድ ይህን አልረሳችውም፤ በማርች 2023 ከኢራን ጋር የታረቀችው ቤይጂንግ ላይ ነው። ኤምሬቶች ደግሞ በ2024 ብሪክስ የሚባለው የእነ ቻይናና ሩሲያ ማኅበር ውስጥ ገቡ፤ ከእኛ ጋር በአንድ ቀን መሆኑ ነው። አሜሪካንን ግን አንዳቸውም አልለቀቁም።

የጅዳ_ተመላሽ፦
ሁላችሁም ወደብና ጋዝ ታወራላችሁ። እኔ የሳዑዲን ሌላ ገጽ ላምጣ። ጅዳ አምስት ዓመት ሠርቼ ከኖቬምበር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ከተመለሰው ከ160 ሺህ በላይ ሕዝብ አንዱ ነኝ።

ያኔ ክፋት ብቻ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። ሳዑዲ እንደ ኳታር ትንሽ አይደለችም። በ2022 ቆጠራ 32 ሚሊዮን ሕዝብ አላት፤ ከ100 ሰው 58ቱ ዜጋ ነው። ኳታርና ኤምሬቶች ዜጋቸው ከአሥር ሰው አንድ ገደማ ስለሆነ ሁሉንም መንግሥት ደመወዝ ላይ ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ሳዑዲ አትችልም። ወጣቱ በዛ፣ ሥራ የለም። በ2011 ኒጣቃት የሚባል ደንብ አወጡ፤ ድርጅቱ በቀጠረው የሳዑዲ ዜጋ ብዛት ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ እየተባለ ይመደብ ነበር፤ ቀይ ከሆነ ቪዛ አያገኝም ነበር። ከዚያ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌለውንና ከካፊሉ (ከስፖንሰሩ) ውጭ የሚሠራውን ማጽዳት መጣ። እኔ ስፖንሰሬ በወረቀት ላይ ብቻ የነበረ፣ ሌላ ቦታ የምሠራ ሰው ነበርኩ። ስለዚህ «ለዜጋ ሥራ መፍጠር» የሚባለው ሪፎርም በኔ በኩል ሲነበብ ማቆያ ውስጥ ሲሚንቶ ላይ ማደር ነው።

ከ2016 በኋላ ቪዥን 2030 የሚባለው የለውጥ ዕቅድ መጣ። የባለቤቴ እህት እዚያ ናት፤ ሴት መኪና ትነዳለች፣ ሲኒማ ተከፍቷል፣ ሁለቱም በ2018 ነው። የኔ ዘመን ሰው ይህን ሲሰማ ራሱን ይይዛል። ተጨማሪ እሴት ታክሱ ግን በ2020 ከ5 ወደ 15 በመቶ ዘለለ። ያ 170 ኪሎ ሜትር ቀጥ ብሎ ይሠራል፣ ዘጠኝ ሚሊዮን ሰው ይኖርበታል የተባለው «ዘ ላይን» ከተማ ደግሞ እየቆየ ሲሄድ ልኩ እያጠረ ነው። መስተዋት ግድግዳ በረሃ ላይ... ለማንኛውም እኔ አልገዛም።

አድሚን፦
የአንድ አባል መልስ ስድብ ስላለበት ተነሥቷል። በዘርና በሃይማኖት የሚመጣ ካለ ክሩን እዘጋለሁ። ቀጥሉ።

ሒሳብ_ነኝ፦
እኔ የተማርኩት ይበቃኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ ለራያን፦ ጋዙ ከ1971 እስከ 1996 ተኝቶ ነበር ካልክ፣ የኛው የኦጋዴን ጋዝ፣ ካሉብም እኮ በ1970ዎቹ ነው የተገኘው። እኩዮች ናቸው ማለት ነው?

ራያን_ሰፈር፦
በዕድሜ አዎ። በመጠን ግን አትድከም፤ ሰሜን መስክ ከኦጋዴኑ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ደግሞ እነሱ ባሕሩ ላይ ተቀምጠዋል። እኛ ጋዙን ወደብ ለማድረስ የሌላ አገር መሬት መሻገር አለብን። የካሉብ ጋዝ አሁን በአነስተኛ ደረጃ መመረት መጀመሩ ጥሩ ነው፤ ኳታር እንሆናለን የሚል ካለ ግን እዚህ መጥቶ መርከቦቹን ይይ።

የእህቱ_ባል፦
ሒሳብ የደበቃችሁን ነገር እኔ ልናገር። ቅዳሜ የተጣላነው ስለ ታሪክ አይደለም። ትንሿ እህታቸው ዶሃ ሆቴል ውስጥ ሥራ ቀርቦላት ልትሄድ ነው። እሱ «አገሩ በደንብ የተገነባ ነው፣ ትሂድ» ይላል። እኔ ደግሞ አትሂድ አልልም፤ ግን በ2025 በጁን የኢራን ሚሳይል አል ዑደይድ ላይ ተተኮሰ፣ በሴፕቴምበር 9 ደግሞ እስራኤል ዶሃን ደበደበች። ሁለት ባላ የተከለ አገር በአንድ በጋ ከሁለቱም ወገን ሲመታ አይተናል። አሜሪካ ከዚያ በኋላ ዋስ እሆናለሁ አለች፤ ይሁን። የዚያን ዕለት ልጅቷን ማን ያወጣታል? ዘይት ያልኳችሁም ለዚህ ነው፤ ከዘይቱ ሌላ የኛ ልጅ ምን ዋስ አላት ለማለት ነው።

ሒሳብ_ነኝ፦
እንዲህ ብለህ ብትነግረኝ ኖሮ አልጣላህም ነበር እኮ።

ራያን_ሰፈር፦
ሁለቱም ቀን እዚሁ ነበርኩ። የጁኑ ማታ ሰማዩ ላይ ብልጭ ብልጭ ሲል ከሕንፃው ጣሪያ ላይ አየነው፤ በነጋታው ሥራ ገባን። የሴፕቴምበሩ ግን የተለየ ነው፤ ፍንዳታው መስኮት አንቀጠቀጠ፣ ያን ሳምንት ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይደውል ነበር። አልዋሽህም።

ስለ ሥራው ግን የምመክረው አለኝ። ውሉን ላኩልኝ አልልም፤ ራሳችሁ እዩት። ዝቅተኛ ደመወዝ ከማርች 2021 ጀምሮ በወር 1,000 ሪያል ነው፤ መኝታና ምግብ ካልሰጧት 500 እና 300 ሪያል ይጨመራል። ከዚያ በታች የተጻፈ ወረቀት ካያችሁ ተዉት። ሥራ ለመቀየር የአሠሪ ፈቃድ የሚጠየቅበት በ2020 ቀርቷል፤ በተግባር ግን አሠሪው «ጠፋች» ብሎ ሊከስሳት ስለሚችል ዝም ብላ መውጣት የለባትም፣ በሥርዓቱ ታስታውቅ። የቅጥር ክፍያ ከሠራተኛ መውሰድ በኳታር ሕግ ክልክል ነው። አዲስ አበባ ያለ ደላላ ገንዘብ ከጠየቃት መጀመሪያ ያን ሰው ጠርጥሩ።

የኩዌት_ተመላሽ፦
ፓስፖርቷን ለማንም እንዳትሰጥ። ኮፒውን እናቷ ዘንድ ታስቀምጥ፣ በስልኳም ፎቶ ታንሣው። የባንክ ካርዷም በእጇ ይሁን። እኔ የሁለት ወር ደመወዜ የቀረው ይህን የሚነግረኝ ስላልነበረ ነው። ደግሞ ልጄ፣ ዓርብ ዓርብ ከሰው ጋር ትገናኝ፤ ብቻዋን እንዳትሆን።

የእህቱ_ባል፦
እሺ እትዬ፣ ይደርሳታል። ራያን ወንድሜ፣ የምትሄደው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ የሚጠብቃት ድርጅቱ ነው ይላሉ፤ አንተም ከራቅ ብለህ ብታያት ደስ ይለናል። ከዚህ የሚላክልህ ነገር አለ?

ራያን_ሰፈር፦
እቀበላታለሁ፣ አትስጉ። ቁጥሬን በግል መልእክት እሰድላችኋለሁ። የሚላከው እንኳ... በርበሬ። ግማሽ ኪሎ ይበቃል፣ ግን በደንብ ትጠቅልለው፤ ባለፈው የመጣልኝ ሻንጣ ውስጥ ፈስሶ ሸሚዞቼ አሁንም ያስነጥሳሉ።